«ክስተት» ወይስ «ቀጠሮ»? የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ስያሜና ሥዕል ከቆቦና ከራያ ቆላ አነጋገር አንጻር ሲመዘን

1. መነሻ

አንድ ስያሜ ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃል አውጪው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ነገር በቋንቋችን ምን ይባላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ስያሜው በሥዕል ታጅቦ የሚቀርብ በሚሆንበት ጊዜ «ሥዕሉስ ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ሊነሣ ይገባል። ቃሉና ሥዕሉ የተለያየ ነገር ከተናገሩ ተጠቃሚው ሁለቱንም ማመን ይተዋልና።

ይህን ሐሳብ ያስነሣው በቅርቡ ለአስተያየት የደረሰን የአንድ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ የአማርኛ ትርጉም ረቂቅ ነው። ረቂቁ በጥንቃቄ የተሠራ ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ አለው። «አስታዋሽ» የሚለው ስያሜ ሥራውን በትክክል ይገልጻል፤ የቀናቱና የወራቱ ስሞችም ያለ ግድፈት ተጽፈዋል። ይሁን እንጂ በየገጹ የሚመላለሰው ዋናው ስያሜ፣ ማለትም በሰሌዳው ላይ የሚሰፍረውን ጉዳይ ሁሉ በአንድነት የሚጠራው «ክስተት» የሚለው ቃል፣ ከሥዕሉም ከቋንቋውም ጋር አይስማማም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አለመስማማቱን አሳይቶ መፍትሔ መጠቆም ነው። ማመሳከሪያችን የቆቦ ከተማና የራያ ቆላ ሕዝብ አነጋገር ይሆናል። ምክንያቱም በዚያ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ነጋዴውና ገበሬው ጎን ለጎን ስለሚኖሩ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ጊዜ በብዙ ዓይነት መንገድ ሲቆጠር ይገኛል።

2. ሥዕሉ የሚናገረው

በእነዚህ መተግበሪያዎች የቀኑ ገጽ 24 ሰዓት የተሰመረበት አንድ ዓምድ ነው። የተመዘገበው ጉዳይ በዓምዱ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታያል። የሳጥኑ ራስ የመጀመሪያው ሰዓት፣ ግርጌው የመጨረሻው ሰዓት፣ ቁመቱ ደግሞ የቆይታው ልክ ነው። ሁለት ጉዳዮች በአንድ ሰዓት ቢገጥሙ ሳጥኖቹ ወርዳቸው እኩል ተከፍሎ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሰዓት የሌለው ጉዳይ ከዓምዱ በላይ በቀጭን ጥብጣብ መልክ ይጻፋል፤ ብዙ ቀን የሚፈጀውም በወሩ ገጽ ላይ ከቀን ወደ ቀን የሚዘረጋ ጥብጣብ ይሆናል።

እንግዲህ ሥዕሉ የሚናገረው «ከዚህ እስከዚህ ያለው ጊዜ ታጥሯል፤ ሌላ አይግባበት» ብሎ ነው።

3. «ክስተት» ለምን አይሆንም?

ክስተት ከግዕዙ «ከሠተ» የተገኘ ነው፤ ፍቺውም ገለጠ፣ የተሸፈነውን አሳየ ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ «የተፈጥሮ ክስተት»፣ «ያልተጠበቀ ክስተት» ስንል ቃሉ ይህን ጠባዩን እንደያዘ ነው። ክስተት የሚገለጥ እንጂ ሰው አስቦ የሚወስነው አይደለም። ስለሆነም በረቂቁ ውስጥ «ክስተት ፍጠር» የሚለው ትእዛዝ የማይቻል ነገር እንደ ማዘዝ ይቈጠራል። «ነገ ሦስት ክስተቶች አሉዎት» የሚለውን ማስታወቂያ ያነበበ የቆቦ ገበሬም ሦስት መዓት የተነገረው ቢመስለው አይፈረድበትም።

በራያ ቆላ ክስተት ለመባል የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ከምዕራቡ ደጋ ዘንቦ በጎሊና ወይም በሆርማት ወንዝ በድንገት የሚወርደው ጎርፍ ነው። ነገር ግን ይህን መተግበሪያው አስቀድሞ ሊመዘግበው አይችልም። የሚመዘገበው ክስተት አይደለም፤ ክስተት የሆነውም አይመዘገብም።

አንዳንድ ተርጓሚዎች በምትኩ «ሁነት» የሚለውን ያቀርባሉ። ይህ ቃል በከተማ ለዐውደ ርእይ፣ ለጉባኤና ለመሳሰሉት ዝግጅቶች እየተለመደ መጥቷል፤ በዚያ ስፍራም ነቀፌታ የለብንም። ዳሩ ግን ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ሰው «ነገ ሁነት አለኝ» ሲል አይሰማም። የሚለው «ነገ ቀጠሮ አለኝ» ነው።

4. «ቀጠሮ» እና «ቅጥር»

በግዕዝ «ጸ» የሆነው ድምፅ በአማርኛ «ጠ» ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ጸበበ ጠበበ፣ ጸጉር ጠጉር እንደሆነ ማለት ነው። በዚሁ መንገድ የግዕዙ «ቀጸረ» አጠረ፣ በዙሪያው ቅጥር ሠራ ማለት ሲሆን፣ ስሙ «ቅጽር» በአማርኛ «ቅጥር» ሆኖ «ቅጥር ግቢ» በሚለው አነጋገር ይገኛል። «ቀጠረ» ጊዜ ወሰነ፣ «ቀጠሮ» የተወሰነ ጊዜ፣ «ቅጥር» የታጠረ ስፍራ ሲሆኑ ቃላቱ በአንድ ግንድ የበቀሉ ለመሆናቸው መልካቸውም ፍቺያቸውም ይመሰክራል ብለን እናምናለን። ቀጠሮ የሰጠ ሰው ከጊዜው ላይ ቁራጭ አጥሯል።

ይህ በአማርኛ ብቻ የተገኘ አስተሳሰብ አይደለም። ጀርመኖች ቀጠሮን «ተርሚን» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ወሰን፣ ድንበር የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ቃል ነው። በቀን መቁጠሪያዎቻቸውም ለሳጥኑ የሚሰጡት ስም ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ግን «የሆነ፣ የመጣ ነገር» የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ግስ የወጣውን ሰፊ ቃል መርጧል። የእኛ ረቂቅ የእንግሊዝኛውን ስፋት ሲከተል በቋንቋችን ተዘጋጅቶ የነበረውን፣ ከሥዕሉም ጋር ልክ የሚገጥመውን ቃል ትቶታል። ሳጥኑ ቅጥር ነው፤ በውስጡ ያለውም ቀጠሮ ነው።

5. ቀጠሮ ያልሆኑት

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ «ክስተት» በተጻፈበት ቦታ ሁሉ «ቀጠሮ» እንዲገባ አያደርግም። ጥምቀት ቀጠሮ አይደለም፤ የልጅ ልደትም አይደለም። የራያን ሰው አነጋገር ብንመረምር በጊዜ ላይ የሚሰፍሩ ጉዳዮች ቢያንስ በአራት መልክ ተለይተው እናገኛቸዋለን። አንዱ ቀጠሮ ነው። የቀሩትን ሦስቱን እንመልከት።

ሀ) የሚውል። ረቂቁ ሰዓት የሌለውን ጉዳይ «የሙሉ ቀን ክስተት» ይለዋል። በአማርኛ ሙሉ ቀን ማለት ከጠዋት እስከ ማታ በሥራ የተያዘ ማለት ነው፤ «ሙሉ ቀን ስቆፍር ዋልሁ» እንዲሉ። በዓል ግን ቀኑን አይዝም፤ በቀኑ ላይ ይውላል። «ጥምቀት ዓርብ ይውላል» ስንል ግሡ ራሱ ልዩነቱን ይነግረናል። በራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለልን የሚጫወቱት የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ነው። በእነዚያ ቀናት ገበያም ሥራም አለ፤ ቀኖቹ ግን የሶለል ናቸው። የሥዕሉ ጥብጣብ ይህን በመጠኑ ያሳያል፤ ያጎደለው ስያሜው ነው።

ለ) አውድ። ረቂቁ «ተደጋጋሚ ክስተት» ያለውን አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ሲጠራበት የኖረ ስም አለው። ዐውድ ከግዕዙ «ዖደ» (ዞረ) የመጣ ሲሆን፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጊዜን በአዕዋድ ከፍለውታል። ዐውደ ዕለት 7 ቀን፣ ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት፣ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። በየቤቱ የሚነገረው «አውዳመት»ም ዐውደ ዓመት ማለት ነው፤ ዞሮ የመጣ ዓመት። በአውድ የሚመጣ ነገር አይደጋገምም፤ ይመለሳል እንጂ።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከስያሜ አልፎ ወደ ስሌት ይገባል። የቆቦ ክርስቲያን «በሚካኤል እንገናኝ» ሲል ወር በገባ በ12ኛው ቀን ማለቱ ነው። ይህንን ተጠቃሚው በአውሮፓ አቆጣጠር «በየወሩ በ22» ብሎ ቢመዘግበው የመስከረምና የጥቅምት ሚካኤል ይገጥምለታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ግን በ21፣ የጥር በ20፣ የየካቲት በ19፣ የነሐሴ ደግሞ በ18 ይውላል። እስከ 4 ቀን ይዛነፋል ማለት ነው። «በየ30 ቀኑ» ብሎ ቢያዝም እስከ ነሐሴ ድረስ ደኅና ይሄድና ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ያለው 35 ወይም 36 ቀን ነውና።

ይህን ማስተካከል ከባድ ነው እንዳይባል፣ የኮምፒዩተር ሥራ ራሱ መልሱን ካገኘ ቆይቷል። የቀን መቁጠሪያ መረጃ የሚለዋወጡበት ዓለም አቀፍ ደንብ እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ2015 በወጣው አር ኤፍ ሲ 7529 በተባለው ሰነድ የመመለሻ ሕጉ ከአውሮፓው ሌላ በሆነ ዘመን አቆጣጠር እንዲጻፍ ፈቅዷል። ሰነዱ ከሚያቀርባቸው ምሳሌዎች አንዱም የእኛው 13ኛ ወር ነው፤ በየዓመቱ የጳጉሜን መጀመሪያ ቀን እንዴት እንደሚመዘገብ ያሳያል። የዩኒኮድ ድርጅት የቋንቋዎች መረጃ ስብስብም የኢትዮጵያን ወራት ከነዘመን ስያሜያቸው ይዟል። መሣሪያው ጳጉሜንን ካወቀ፣ የአማርኛው ትርጉም «በየወሩ» ሲል የማንን ወር ማለቱ እንደሆነ መግለጽ ግዴታው ነው። ረቂቁ ይህንን አልገለጸም።

ሐ) ተራ። በራያ ቆላ የጎርፍ ውሃ ጠልፎ ማሽላውን የሚያጠጣ ገበሬ ውሃው የሚደርሰው በስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ነው። ደጋው ዘንቦ ጎርፉ ሲወርድ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ሲሆን፣ ሁሉም በተራው ይነሣል። ይህ ጉዳይ ቁጥር አለው እንጂ ሰዓት የለውም። በዓምዱ ላይ ሳጥን አድርጎ ማስፈር ውሸት ማጻፍ ነው። በአንጻሩ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በሞተር ተስቦ በሚለማበት ማሳ ላይ ተራው በሰዓት ሊከፋፈል ይችላል፤ ያን ጊዜ ተራው ቀጠሮ ሆነ ማለት ነው። አንድ ገበሬ ሁለት ዓይነት ማሳ ቢኖረው ለአንዱ ሳጥን፣ ለሌላው በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሁለቱንም ያበላሻል።

ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር አንድ ቅጽል መጨመር አለበት። የሂጅራ ወር 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን የረመዳን ፍቺ ጨረቃ እስክትታይ ድረስ በሁለት ቀናት መካከል ይቆያል። የቆቦ ሙስሊም ይህን ያውቃል፤ ዝግጅቱንም በዚያው ልክ ያደርጋል። መተግበሪያው ግን አንዱን ቀን መርጦ እንደ ተቆረጠ ነገር በደማቅ ቀለም ያሰፍረዋል። የዓለሙ ደንብ «የጸና»፣ «ያልጸና» እና «የተሰረዘ» የሚሉ ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ሳለ፣ ረቂቁ ሁለተኛውን «ጊዜያዊ» ብሎ ተርጉሞታል። ጊዜያዊ ማለት ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ ማለት ነው። ዒድ ጊዜያዊ አይደለም፤ ቀኑ ገና አልጸናም እንጂ። ሥዕሉም ዙሪያው በተቆራረጠ መስመር ቢሰመር ይህንኑ ይናገራል።

6. የቀኑ ራስ የት ነው?

የዓምዱ ራስ እኩለ ሌሊት መሆኑ ሌላው ችግር ነው። በአማርኛ ቀን የሚጀምረው በንጋት 12 ሰዓት ሲሆን፣ ለቤተ ክርስቲያን በዋዜማው ምሽት፣ ለሙስሊሙም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በእኩለ ሌሊት ቀን ተለወጠ የሚል በመካከላችን የለም። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 11 ሰዓት የሚያበቃ ማኅሌት በመተግበሪያው ላይ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ በአንዱ ቀን ግርጌ፣ ግማሹ በሚቀጥለው ቀን ራስ ላይ ይገኛል። አማርኛ ይህንን ሌሊት «ለሰኞ አጥቢያ» ብሎ በአንድ ቃል ያያይዘዋል። ረቂቁ ይህን ቃል በየትኛውም ገጽ አልተጠቀመበትም።

በብዙ መሣሪያዎች ላይ ያለው የሰዓት አጻጻፍም ከዚህ የተሻለ አይደለም። እንግሊዝኛው ቀንን ለሁለት የሚከፍልባቸው ምልክቶች «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ተብለው ስለተመለሱ «10:00 ከሰዓት» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህ በአማርኛ 10 ሰዓት አይደለም፤ ከሰዓትም አይደለም፤ ማታ 4 ሰዓት ነው።

የዚህን ጉዳት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቤተሰቡ አይቶታል። በ2010 ዓ.ም. ቆቦ የሚኖሩ አክስቱ ለሕክምና ክትትል ጥር 18 ቀን ጠዋት በ3 ሰዓት እንዲቀርቡ ተነግሯቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ቀጠሮውን ተቀብሎ በእጅ ስልኩ መዘገበው። ስልኩ «18»ን በአውሮፓው የመጀመሪያ ወር፣ «3:00»ን ከእኩለ ሌሊት ቆጥሮ ያዘ። ስለዚህ ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጮኾ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። ልጁ «እማማ፣ ቀጠሮዎ ደርሷል» ቢላቸው «ልጄ፣ የእኔ ቀጠሮ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ነው፤ ዛሬ ገና ከተራ ነው» ብለው ተመልሰው ተኙ። በሳምንቱም በሰዓታቸው ቀረቡ።

የዳኑት ግን የራሳቸው ቆጠራ ስለነበራቸው ነው። ስልኩ የሳተው 8 ቀን አስቀድሞ በመሆኑ ጉዳቱ እንቅልፍ ከመንሣት አላለፈም፤ ስሕተቱ ወደ ኋላ ቢሆን ኖሮና እርሳቸውም ቆጠራውን ለልጁ ትተው ቢሆን ኖሮ ቀጠሮው ያልፍ ነበር። ለፍርድ ቤት፣ ለክትባትና ለብድር መክፈያ የሚሰጡ ቀጠሮዎችም በእነዚሁ ስልኮች እየተመዘገቡ ናቸው። የተርጓሚው ሥራ እዚህ ድረስ ይዘልቃል።

መፍትሔው ቍጥሮቹን መለወጥ ብቻ አይደለም። ዓምዱ እንዳለ ሆኖ ቍጥሮቹ ብቻ ቢለወጡ የቀኑ ራስ ላይ «ሌሊት 6 ሰዓት» ተጽፎ ንጋቱ ከዓምዱ ሩብ በታች ይገኛል። ዓምዱ በንጋት 12 ሰዓት ተጀምሮ በሚቀጥለው ንጋት ቢያበቃ፣ በመካከሉም የምሽቱ 12 ሰዓት ደመቅ ባለ መስመር ቢለይ፣ የላይኛው እኩሌታ ቀን፣ የታችኛው ሌሊት ሆኖ ከአነጋገራችን ጋር ይስማማል።

7. «ግጭት»

ረቂቁ ሁለት ጉዳዮች በአንድ ሰዓት ሲገጥሙ «የክስተት ግጭት አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ግጭት በዘመናችን ጆሮ ምን እንደሚያስታውስ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ያን ዓይነት ዜና በቅርብ ያየ ሰው ስልኩ ላይ «ክስተት» እና «ግጭት» ተጎራብተው ሲያነብ የሚሰማውን ተርጓሚው ማሰብ ነበረበት። ሕዝቡ የሚለው «ቀጠሮ ተደረበብኝ» ነው፤ «ድርብ ቀጠሮ» ማለት ይበቃል።

ሥዕሉም እዚህ ላይ ይነቀፋል። በወሎ የቅሬ ጥሪ ሲሰማ፣ ማለትም ሰው ሞቶ ቀብር ሲኖር፣ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ይቀራል ወይም ይተላለፋል። መተግበሪያው ግን ቀብሩንና የዕቃ ግዢውን እኩል ወርድ ሰጥቶ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። የጉዳዮቹ ክብደት እኩል እንዳልሆነ ተጠቃሚው በራሱ እጅ እንዲያመለክት ማድረግ ይገባል፤ የተቀደመው ጉዳይም ከኋላ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ ሥዕሉ እውነቱን ይናገራል።

8. ተቃውሞና ማጠቃለያ

ተርጓሚዎች ሊያነሡ የሚችሉት ተቃውሞ አለ። ይኸውም «ፕሮግራሙ አንድ ቃል ብቻ ነው የሰጠን፤ በአራት ልንተረጉመው አንችልም» የሚል ነው። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሰዓት ለሌለው፣ ለሚመለሰው፣ ለጸናውና ላልጸናው፣ ጊዜ ለሚይዘውና ለማይዘው ጉዳይ በፕሮግራሙ ውስጥ የተለያየ ቦታ አለ። ኦውትሉክ የተባለው መተግበሪያም ቀጠሮን፣ ስብሰባንና ቀኑን ሙሉ የሚውለውን ለይቶ ይጠራል። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ አንድ አጠቃላይ ቃል የግድ ከሆነ «ቀጠሮ» ይሁን። ተጠቃሚው በራሱ እጅ የሚጽፈው ከሞላ ጎደል ቀጠሮ ነውና፤ በዓላቱ ደግሞ ተጽፈው የሚመጡ ስለሆኑ በራሳቸው ስም ይጠራሉ።

በዚህም መሠረት የሚከተሉት ይቀርባሉ፤

– በ«ክስተት» ፈንታ «ቀጠሮ»፤ ሥዕሉም መጀመሪያና መጨረሻ ያለው የታጠረ ሳጥን።
– በ«የሙሉ ቀን ክስተት» ፈንታ «የሚውል»፤ ሥዕሉ ከዓምዱ በላይ ያለ ጥብጣብ፣ ጊዜ የማይዝ።
– በ«ተደጋጋሚ ክስተት» ፈንታ «አውድ»፤ የሳምንት፣ የወር፣ የዓመት አውድ ተብሎ፣ የማን ወርና የማን ዓመት እንደሆነ ተገልጾ።
– ሰዓት ለሌለው፣ ቅደም ተከተል ላለው ጉዳይ «ተራ»፤ ሥዕሉ ባለ ቍጥር ዝርዝር።
– በ«ጊዜያዊ» ፈንታ «ያልጸና»፤ ሥዕሉ በተቆራረጠ መስመር የታጠረ።
– በ«ግጭት» ፈንታ «ድርብ ቀጠሮ»።
– ሁለት ቀን ለሚያያይዘው ሌሊት «አጥቢያ»።

ከእነዚህ ውስጥ «አውድ» ከሌሎቹ ይልቅ ክርክር ሊያስነሣ እንደሚችል እንገምታለን። ዛሬ በሥነ ጽሑፍና በቋንቋ ጥናት ቃሉ የንግግርን ዙሪያ ገባ ለማመልከት ስለሚያገለግል ሁለት ፍቺ ተሸካሚ ይሆናል። የተሻለ ያገኘ ቢኖር «ተመላሽ» የሚለውን ጨምሮ በዚህ መጽሔት ያቅርብ። በሌሎች አውራጃዎች ያሉ የሙያ ባልደረቦችም ለተራ፣ ለአጥቢያና ለድርብ ቀጠሮ በየአካባቢያቸው የሚነገሩትን ቃላት ቢልኩልን ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ማመዛዘን ይቻላል። የመጨረሻው ፈተና ግን ቀላል ነው። ገጹን ቆቦ ላሉ አንዲት እናት ጮኽ ብሎ ማንበብና ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ መልሶ መጠየቅ ነው።